የስሌቱ ወረቀት፦ በድሬዳዋ የአንድ የቤት ማህበር ጉዳይ

ደብዳቤው የደረሰን ሐምሌ ውስጥ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። አንድ ገጽ ብቻ ነው። ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛ፣ ከማህበራችን ቦታ 1,080 ካሬው አዲስ በጸደቀው የአካባቢ ልማት ፕላን የወንዝ ዳርቻ ተብሎ ስለተከለለ እንድንለቅ ያዛል። ሁለተኛ፣ ለአካባቢው መሠረተ ልማት 972,000 ብር እንድንከፍል ይጠይቃል። ካልከፈልን የግንባታ ፈቃድ የለም። ከታች ፊርማና ማህተም አለ።

እኔ የማህበሩ ጸሐፊ ነኝ። 24 አባላት ነን። መምህራን አሉን፣ ነርሶች አሉን፣ ባጃጅ የሚነዱ አሉን፣ ቀፊራ ገበያ የሚነግዱ እናቶች አሉን። ሊቀመንበራችን ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ይህን ቦታ ለማግኘት ለዓመታት በዝግ ሂሳብ ስንቆጥብ ኖረናል። ወርቋን የሸጠች አለች። ከአረብ አገር ልጇ የላከችላትን ብር ሳትነካ ያስገባች አለች። እንግዲህ ያ ደብዳቤ እንዴት እንደተነበበ መገመት ይቻላል።

ነገሩ መልክ ከያዘ ወዲህ ሌሎች ማህበራት እየደወሉ "እናንተ እንዴት አደረጋችሁት?" ይሉኛል። በስልክ ስነግር ሁልጊዜ አንድ ነገር እረሳለሁ። ለዚህ ነው ከነቁጥሩና ከነስህተታችን የምጽፈው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠቅስም። የሰውም ስም አልጠቅስም። ለሚያነበው ሰው የሚጠቅመው መንገዱ ነው።

ቦታው

ሳይታችን በጠቅላላው 5,400 ካሬ ነበር። ለ24 ሰው 150፣ 150 ካሬ ሲታደል 3,600 ይሆናል። የቀረው 1,800 ለውስጥ መንገድና ለጋራ መገልገያ ነው። በአንድ ጎኑ ወንዝ ያዋስነዋል። ወንዝ ስል የድሬዳዋን ወንዝ ማለቴ ነው፤ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ፍየል ያልፍበታል። የጭነት መኪና ገብቶ ለግንባታ አሸዋ ይጭንበታል።

የድሬ ሰው ግን ይህን አሸዋ ያውቀዋል። ከተማችን ከደንገጎ ተራራ ስር ነው የተኛችው። ዝናቡ ደጋው ላይ ይዘንባል፤ ውሃው እኛ ጋ ይመጣል። እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ እየታየ ከላይ ጎርፍ ሊወርድ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ከሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ በደቻቱ ወንዝ የወረደው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ገድሏል። ሰዉ ተኝቶ ነበር።

ይህን ያስቀደምኩት ያለምክንያት አይደለም። የጉዳዩ መዞሪያ እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ስብሰባ

ቅዳሜ ጠዋት ከዚራ፣ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ ስር ተሰበሰብን። ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የሚያወራው። ያዘነብነው ቁጣ አብዛኛው ወንዙ ላይ ነበር። ከብሩ ይልቅ ቦታው ነው ሰውን ያቃጠለው። አንዱ ወጣት አባላችን ተነስቶ "አቦ፣ ይሄ እኮ ውሃ የሌለው ወንዝ ነው! ጠበቃ ይዘን እስከ መጨረሻው እንከራከር" አለ። ብዙ ሰው አጨበጨበ። እውነቱን ለመናገር እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ከዚያ አንዲት እናት ተነሱ። በዕጣ የደረሳቸው ቦታ ከወንዙ አፋፍ ላይ ነው። በአዲሱ ፕላን ቦታቸውን ካጡት አምስት ሰዎች አንዷ ናቸው። ስለዚህ ሁላችንም እሳቸው ከማንም በላይ ይከራከራሉ ብለን ጠብቀን ነበር። ያሉት ግን እንዲህ ነው፦ "በ98ቱ ጎርፍ ልጆቼን ይዤ ጣሪያ ላይ ነው ያደርኩት። የጎረቤቴ ቤት ሲሄድ አይቻለሁ። እኔ ያ መስመር ላይ ቤት አልሠራም። ሌላ ሰውም ሲሠራ ዝም ብዬ አላይም። ቦታዬን ከፈለጋችሁ ሌላ ስጡኝ፤ እሱን ግን ተዉት።"

ማንም አልመለሰላቸውም። ለረጅም ጊዜ ዝም አልን።

ጋሼ ናቸው ዝምታውን የሰበሩት። ደብዳቤውን አነሱና በመሃል በእስክሪብቶ መስመር አሰመሩበት። "ይሄ ሁለት ደብዳቤ ነው" አሉ። "የላይኛው ስለ ወንዝ ነው። የታችኛው ስለ ብር ነው። የላይኛውን እንቀበላለን፤ ለአምስቱ ሰዎች መፍትሔ እንጠይቃለን። የታችኛውን ግን እንዴት እንደተሰላ ሳናይ አንከፍልም።"

ዛሬ ወደኋላ ሳየው ጉዳዩን ያዳነው ያ መስመር ነው ብዬ አምናለሁ። ሁሉን ነገር በአንድ ላይ ብንቃወም ኖሮ፣ ቅሬታ ሰሚው ፊት ስንቀርብ መጀመሪያ የሚጠየቀው ወንዙ ነበር። እዚያ ላይ ትክክል አልነበርንም። በዚያ ከወደቅን በኋላ የብሩን ነገር ማን ይሰማናል?

ቀን መቁጠር

ሰኞ ዕለት ወደ ጠበቃ ሄድን። የአንዱ አባላችን የእህት ልጅ ናት፤ ለምክሯ ብር አልጠየቀችንም። የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ደብዳቤውን የተቀበለው ማን ነው? ቀን ጽፎ ፈርሟል?" የሚል ነበር። የተቀበለው የሳይቱ ጥበቃ ነው። ፈርሟል፤ ቀን ግን አልጻፈም። እሷም በዚያው ቀን ጥበቃው መቼ እንደተቀበለ በጽሑፍ አስፈርመን እንድናስቀምጥ አደረገች።

ስለ ጊዜ ገደቡ ሦስት ሰው ሦስት ነገር ነግሮን ነበር። ምክንያቱ ገባኝ። በሊዝ አዋጁ፣ በ721/2004፣ የማስለቀቂያ ትዕዛዝ የደረሰው ሰው ቅሬታውን በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ያቀርባል። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅበትና ስለ ካሳ የወጣው አዋጅ 1161/2011 ደግሞ 30 ቀን ይሰጣል። አንዱ ጎረቤት ማህበር "30 ቀን አለን" ብሎ ተረጋግቶ ነበር። ጠበቃችን በዚህ ላይ ክርክር አልከፈተችም። "አጭሩን ያዙ" አለችን። "በ15 ቀን ውስጥ ካስገባችሁ በሁለቱም ትድናላችሁ።" ለደወለልኝ ሁሉ መጀመሪያ የምናገረው ይህን ምክር ነው።

እኛ ቅሬታውን ያስገባነው በ11ኛው የሥራ ቀን ነው። መዝገብ ቤት ውስጥ ቅጂያችን ላይ ቁጥርና ቀን አስመታን። መዝገብ ቤቱ የምትሠራው ልጅ "ዋናውን ብቻ ተዉልኝ፣ ቁጥሩን ነገ ውሰዱ" ብላን ነበር። አልሄድንም። ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ቁጥሩ ተሰጠን።

አምስት ማህበራት

በዚያ አካባቢ ቦታ የተሰጠን እኛ ብቻ አልነበርንም። አምስት ማህበራት ነን፤ በድምሩ 118 አባወራ። የክፍያው ደብዳቤ ለሁላችንም ደርሷል። ወንዙን የምንዋሰነው ግን ሦስታችን ብቻ ነን።

መጀመሪያ እያንዳንዱ ለየብቻው ነበር የሚሮጠው። አንዱ ሊቀመንበር ሰው አውቃለሁ ይላል። ሌላው ከአለቃው ጋር ቀጠሮ ይይዛል። ቢሮ ስንገናኝ እንኳን አንነጋገርም ነበር፤ ሁሉም የራሱ ጉዳይ ቶሎ እንዲያልቅለት ነው የሚፈልገው። ይሄ ለሦስት ሳምንት ያህል ቀጠለ። አንዱም ምንም አላገኘም።

አንድ ቀን ከቢሮው በር ላይ፣ ቀትር ሲሆን፣ ጋሼ የሌሎቹን አራት ሊቀመንበሮች ሻሂ ጋበዙ። እዚያው የጋራ ኮሚቴ ተቋቋመ። ከየማህበሩ ሁለት ሁለት ሰው። ከየማህበሩ ቃለ ጉባኤ እንዲመጣ ተስማማን፤ አባላቱ በሙሉ የፈረሙበት። ይሄ ወረቀት በኋላ ትልቅ ዋጋ ነበረው። "እናንተ ማንን ወክላችሁ ነው?" ስንባል አምስት ማህተም ያረፈበት ውክልና እናሳያለን።

ሁለቱ ወንዝ የማይዋሰኑ ማህበራት በቅሬታችን ዋና ነጥብ ምንም አያገኙም ነበር። የእነሱ ስፋት በትክክል ነው የተለካው። ይህን ካወቁ በኋላም ፊርማቸውን አላነሱም። ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

አንደኛው ማህበር ደግሞ በመሃል ከፈለ። አባላቱ በኪራይ ቤት ተቸግረው ነበር፤ የብሎኬትና የብረት ዋጋም በየሳምንቱ እየጨመረ ነው። ፈቃዳቸውን ከእኛ ሁለት ወር ቀድመው አገኙ። አንዳንዶች ከዳተኛ አሏቸው። እኔ እንደዚያ አላየውም። ቢሆንም ሲከፍሉ ከደረሰኙ ጋር "ቅሬታችንን እንደያዝን ነው የከፈልነው" የሚል አንድ ደብዳቤ ቢያስገቡ ኖሮ በኋላ ከብዙ ልፋት ይድኑ ነበር። የበለጠ የከፈሉት ብር በሌላ ክፍያ እንዲታሰብላቸው ለማድረግ ወራት ፈጅቶባቸዋል።

ስሌቱ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ቅሬታችን ውስጥ "ክፍያው በዝቷል" የሚል አንድም ቃል የለም። ይሄ ከጠበቃችን የመጣ ሐሳብ ነው። በዛ ካልን "ለከተማ ልማት ነው፣ ሁሉም ይከፍላል" ይሉናል፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። እኛ የጠየቅነው ሦስት ነገር ብቻ ነው። ተመኑ በየትኛው ደንብ ወይም መመሪያ ተወሰነ? በስንት ካሬ ተባዛ? ብሩ ለምን ለምን ሥራ ይውላል?

የመጀመሪያው መልስ በቃል ነበር። "ስሌቱ የውስጥ ሰነድ ነው" አሉን። የጻፈ ሰው የለም።

እዚህ ላይ ሁለት አዋጆች ረዱን። አንዱ የመረጃ ነጻነትን የሚመለከተው 590/2000 ነው። ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት አለው፤ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ጥያቄው የሚቀርበው ለሕዝብ ግንኙነቱ ነው። እኛ እስከዚያ ድረስ ለአለቃው ነበር የምንጽፈው። ለትክክለኛው ክፍል ስንጽፍ ደብዳቤው በትክክለኛው መንገድ ሄደ።

ሁለተኛው የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ 1183/2012 ነው። ይህን አዋጅ ብዙ ሰው አያውቀውም፤ እኔም አላውቀውም ነበር። ለድሬዳዋ ሰው ግን በተለይ ይጠቅማል። ከተማችን ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ፣ አዋጁ ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በተጨማሪ የአዲስ አበባንና የድሬዳዋን አስተዳደር አስፈጻሚ አካላትም ይመለከታል። መሥሪያ ቤቱ ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ መስጠት አለበት። መመሪያ ሲወጣም ረቂቁ ለአስተያየት ይቀርባል፤ ተመዝግቦ ይፋ መሆን አለበት። በውስጥ ቅሬታ መፍትሔ ያጣ ሰው ደግሞ የዳኝነት ክለሳ ለመጠየቅ፣ ማለትም ፍርድ ቤት ውሳኔውን እንዲመረምርለት፣ ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

እኛ ፍርድ ቤት አልሄድንም። ደብዳቤያችን ውስጥ ግን የአዋጁን ቁጥር ጻፍን። ማስፈራሪያ አላስገባንም፤ ቃሉ ሁሉ በትህትና ነው። "ለአባሎቻችን ማስረዳት እንድንችል" ነው ያልነው። እውነትም ነበር።

በ26ኛው ቀን ወረቀቱ መጣ። አንድ ገጽ ሰንጠረዥ። ለአንድ ካሬ 180 ብር። ከዚያ ውስጥ 95ቱ ለመንገድ፣ 55ቱ ለፍሳሽ መውረጃ፣ 30ው ለመንገድ መብራት። ከታች፦ 180 ሲባዛ በ5,400፣ 972,000 ብር።

ስህተቱን ያየችው ነርሷ አባላችን ናት። ያን ቀን ከሌሊት ተራ ወጥታ ነው የመጣችው። ወረቀቱን ለአንድ ደቂቃ ያህል አየችና "5,400 ካሬ እኮ አሁን የለንም" አለች። ልክ ናት። ያው ደብዳቤ ከላይ 1,080 ካሬ ልቀቁ ይላል፤ ከታች ደግሞ በሙሉው ቦታ ያስከፍለናል። በቀረልን 4,320 ካሬ ቢሰላ 777,600 ብር ነው። ልዩነቱ 194,400። ለአንድ አባል ሲካፈል ከ40,500 ወደ 32,400 ይወርዳል። 8,100 ብር ለአንዳንዱ ትንሽ ነው። ባጃጅ ለሚነዳው ወንድማችን ግን ትልቅ ብር ነው።

ማንም ሆን ብሎ ያደረገው አይመስለኝም። ፕላኑን አንድ ክፍል ሠራው፤ ክፍያውን ሌላ ክፍል አሰላው። ሁለቱ ወረቀቶች የተገናኙት የእኛ እጅ ላይ ነው።

ሁለተኛው ነጥባችን መንገዱ ነበር። ከዋናው አስፋልት እስከ ሳይታችን የሚያስገባውን የጠጠር መንገድ አምስቱ ማህበራት አዋጥተን ቀድመን ከፍተነው ነበር። በአባወራ 6,000 ብር፤ በድምሩ 708,000 ብር ወጥቷል። አሁን ደግሞ ለመንገድ 95 ብር በካሬ ተጠየቅን። የከፈልነው ሊታሰብልን ይገባል አልን።

የሌላ አገር ጥያቄ

በዚያ ሰሞን ጠበቃችን የአሜሪካ ፍርድ ቤት ጉዳይ አሳየችን። የሚያስገርም ነው፤ እዚያም ነገሩ ወንዝ ዳር ነው። ፍሎረንስ ዶላን የምትባል ሴት በኦሪገን ግዛት ታይጋርድ በምትባል ከተማ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ነበራት። መደብሩን ለማስፋት ፈቃድ ስትጠይቅ ከተማው የጎርፍ ሜዳ ውስጥ ያለውን የቦታዋን ክፍል ለሕዝብ አረንጓዴ ስፍራ፣ ከአጠገቡ ያለውን ጥግ ደግሞ ለእግረኛና ለብስክሌት መንገድ እንድትለቅ ጠየቃት። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሰኔ 17 ቀን 1986 ዓ.ም. 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ተወሰነላት። ፍርድ ቤቱ ከተማው ጎርፍ የመከላከል ሥልጣን የለውም አላለም። ያለው፣ ከቦታው ባለቤት የምትጠይቁት ነገር ግንባታው ከሚያመጣው ጫና ጋር መመጣጠኑን አሳዩ ነው።

ከ30 ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ያው ፍርድ ቤት የጆርጅ ሺትዝን ጉዳይ ወሰነ። ሰውየው ካሊፎርኒያ ውስጥ በራሱ ቦታ ላይ በፋብሪካ የተሠራ ትንሽ ቤት ሊያስቀምጥ ፈቃድ ጠየቀ። ለመንገድ ተብሎ 23,420 ዶላር ተጠየቀ። ወረዳው "ተመኑ በምክር ቤት የጸደቀ ነው፤ ለሁሉም እኩል ነው" ብሎ ተከራከረ። ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ፣ በምክር ቤት መጽደቁ ብቻውን ክፍያውን ከዚያ የመመጣጠን ጥያቄ አያድነውም አሉ። ሺትዝ ገና ብሩን አላስመለሰም ነበር፤ ጉዳዩ ወደ ታችኛው ፍርድ ቤት ነው የተመለሰው።

እዚያ መሬት የግል ነው። እዚህ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ስለዚህ ውሳኔው እኛ ጋ አይሠራም፤ ቅሬታችን ውስጥም አልጠቀስነውም። ግን ስሰማው አንድ ነገር ቀለለኝ። ስሌቱን አሳዩን ማለታችን ድፍረት ወይም አመፅ የሚመስላቸው አባላት ነበሩን። ቤት የሚሠራ ሰው የትም አገር የሚጠይቀው ጥያቄ መሆኑን ሲሰሙ ድምፃቸው ተስተካከለ።

ቅሬታ ሰሚው ፊት

ሦስት ሰዎች ናቸው የሰሙን። ከእኛ አምስት ሰው ገባን። ጋሼ ሁለት ገጽ ብቻ ይዘው ነው የገቡት፦ ደብዳቤውና የስሌቱ ሰንጠረዥ። ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧቸው። በአንዱ ላይ 1,080፣ በሌላው ላይ 5,400 ቀለም ቀብተውበታል። ከዚያ ዝም አሉ። መሃል ላይ የተቀመጡት ሰው ሁለቱን ወረቀት ደጋግመው አዩ። "ይሄ ይስተካከላል" አሉ። ይሄ ነጥብ አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

የመንገዱ ነገር ግን ከበደ። "መንገዱን ስትሠሩ ማን ተቆጣጠረው? የርክክብ ሰነድ የታለ?" ተባልን። የለንም። ደረሰኝ አለን፣ የማሽን ኪራይ ውል አለን፣ ፎቶ አለን። መንገዱን የተረከበ መሥሪያ ቤት ግን የለም። መሐንዲስ ሳይት ድረስ መጥቶ አየው። የጠጠሩ ውፍረትና የመንገዱ ስፋት ከፕላኑ ጋር አይገጥምም አለ። አንድ ቦታ ላይ ከፕላኑ ወጥቷል። በዚህ ምክንያት ውድቅ ተደረገ።

ይሄ ያመኛል፤ የራሳችን ጥፋት ስለሆነ ደግሞ የበለጠ ያመኛል። ማህበራት ሆይ፣ በመዋጮ አንድ ባልዲ ጠጠር ከማፍሰሳችሁ በፊት ደብዳቤ ጻፉ። መሐንዲስ መድቡልን በሉ። ሲያልቅ ተረከቡን በሉ። እኛ ግን የቸኮልነው ብሎኬት የሚያስገባ መንገድ ለማግኘት ብቻ ነበር።

ሌላው የጠየቅነው ክፍያው በሦስት ጊዜ እንዲከፈል ነው። ተፈቀደ። ለአምስቱም ማህበራት። ሁለቱ ወንዝ የማይዋሰኑ ማህበራት ከዚህ ሁሉ ያገኙት ይህን ነው፤ ለእነሱም ትንሽ አልሆነም።

ውሳኔው በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ ደረሰን። የመንገዱን ጥያቄ የጣለበት ምክንያትም ተጽፏል። ያ ጥሩ ነው፤ የሚቀረን ነገር ምን እንደሆነ ያሳየናል።

አምስቱ ቦታዎች

በወንዙ ምክንያት አምስት ሰው ቦታ አጥቷል። ምትክ ቦታ ጠየቅን። "ይፈለግላችኋል" ተባልን። ቀን የለውም። በኋላ የተጠቆመን ቦታ ወደ መልካ ጀብዱ አቅጣጫ፣ ከሌሎቻችን በጣም የራቀ ነው። አምስቱ ከማህበራቸው ተነጥለው እዚያ ብቻቸውን ሊሠሩ ነው።

አንድ ምሽት ወጣቱ አባላችን፣ ያ መጀመሪያ "እንከራከር" ያለው ልጅ፣ አንድ ወረቀት ይዞ እቤቴ መጣ። ሒሳብ ሠርቷል። የቀረን 4,320 ካሬ ነው። መንገዱንና የጋራ ቦታውን 1,488 ብናደርገው 2,832 ካሬ ይተርፋል። ለ24 ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 118 ካሬ። "ሁላችንም 32 ካሬ እንልቀቅ" አለኝ። "ማንም አይወጣም።"

በዚያ ስብሰባ ላይ የተባለውን ሁሉ አልጽፍም። ከባድ ነበር። 150 ካሬ ብሎ ዓመታት የቆጠበ ሰው 118 ተቀበል ሲባል መቆጣቱ ተፈጥሯዊ ነው። አንድ አባል "እኔ የወንዙን ዕዳ ለምን እከፍላለሁ?" አለ፤ ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ድምፅ ሰጠን፤ 17 ለ7 አለፈ። ያ አባል ገንዘቡን ወስዶ ወጣ። በሰላም ነው የተለያየነው። በቦታው ተጠባባቂ ገባ።

ከዚያ ሳይት ፕላኑ እንደገና ተሠራ። ቤቶቹ ግድግዳ የሚጋሩ መንታ ቤቶች ሆኑ፤ ቦታ ቆጥበናል፣ በግድግዳም ወጪ ቆጥበናል። የፕላን ስምምነቱ ተሰጠን። ችካል ሲተከል ሁሉም ሰው መጥቶ ነበር። እኚያ እናት አዲሱ ቦታቸው ከወንዙ አራተኛው ረድፍ ላይ ነው። ሄደው ችካላቸውን በእጃቸው ነካ ነካ አደረጉትና ወደ ወንዙ ዞረው ርቀቱን በእርምጃ ቆጠሩ።

ያመለጠን ስብሰባ

አንድ ነገር ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም። ይህ ሁሉ የመጣው ከአካባቢ ልማት ፕላኑ ነው። የከተማ ፕላን አዋጁ 574/2000 ረቂቅ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። ስብሰባው ተደርጓል። ማስታወቂያው ቀበሌው ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። ከእኛ ማህበር ማንም አልሄደም። ከአምስቱ ማህበራት አንድ ሰው ብቻ ነው የተገኘው፤ እሱም እጁን አላወጣም።

ያኔ ብንገኝ ኖሮ የወንዙ መስመር አይነሳም ነበር፤ መነሳትም የለበትም። ነገር ግን ቦታችን እንደሚቀንስ ከስምንት ወር በፊት እናውቅ ነበር። የጠጠር መንገዱንም በፕላኑ መስመር ላይ እንሠራው ነበር። 708,000 ብሩ የሄደው እዚያ ነው። አሁን ከየማህበሩ አንድ ሰው በየሳምንቱ ሰኞ የቀበሌውን ሰሌዳ ያያል። የእኛዋ ነርሷ ናት፤ ከሥራ ስትመለስ መንገዷ ላይ ነው።

የት ደርሰናል

ከ24ቱ ቤቶች 19ኙ ጣሪያ ለብሰዋል። የክፍያው ሁለተኛ ዙር ተከፍሏል። የፍሳሽ መውረጃው ቁፋሮ ከላይ በኩል ተጀምሯል፤ መብራቱ ገና ነው።

የመንገዱን ጉዳይ አልተውነውም። መሐንዲስ ቀጥረን ከፕላኑ የወጣውን ክፍል አስተካክለናል፤ ጠጠሩንም በሚፈለገው ውፍረት አስሞልተናል። አሁን የምንጠይቀው መሥሪያ ቤቱ መንገዱን ለክቶ እንዲረከበንና የወጣው ገንዘብ በሦስተኛው ዙር ክፍያ እንዲታሰብልን ነው። ደብዳቤው ተጽፏል። የአራት ማህበራት ማህተም አርፎበታል። የአምስተኛው ሊቀመንበር ለሐዘን ጅግጅጋ ሄደዋል፤ ሐሙስ ይመለሳሉ። ዓርብ ጠዋት መዝገብ ቤት እናስገባዋለን።